ዓይን የለቀቀው መንጋ

ከሽንዲ በታች ምድሩ ድንገት ያልቃል። የበርበሬው ማሳ፣ የበቆሎው አገዳ፣ የቆርቆሮው ቤት ሁሉ ከኋላ ይቀርና ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ከፊት ይገጥማል። ሪሃና ሚፍታህ አፋፉ ላይ ደርሳ ቁልቁል እያየች ቆማ ቀረች። ሸለቆው ጭጋግ ሞልቶት ታቹ አይታይም፤ ከጭጋጉ ውስጥ የዝንጀሮ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

«ምነው ተገተርሽ? ገደሉ ወደ አንቺ አይወጣ!» አሉ እትዬ ካሰች። እሳቸው ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብስበው፣ ረጅሙን የሸክም እንጨት በትከሻቸው አጋድመው ቁልቁለቱን ጀምረውታል።

«መጣሁ፣ እትዬ» አለችና የቃጫ ጆንያዋን በጀርባዋ አጥብቃ ተከተለቻቸው።

እትዬ ካሰች የሽንዲ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመንደሩ ወንድ ሁሉ እያጉረመረመ እሳቸው ዛፍ ወጥተው ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ማሩንም ቡሬ ድረስ ለሪሃና እናት ለወይዘሮ ሳቢራ ያመጣሉ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲያበቃ ከቆላው ሾላ ላይ የሰቀሉት ባዶ ቀፎ መንጋ ገብቶበታል። ያንን መንጋ ለሪሃና ሊሰጧት ቃል ገብተዋል። አህያ ግን አልያዙም። ንብ የአህያ ሽታ አይወድም፤ ነድፎ ይገድላታል። ቀፎ ከቆላ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው።

ሪሃና ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቡሬ ከተመለሰች ጀምሮ ልቧ የሚሻው አንድ ነገር ነበር፤ ንብ ማነብ። ከቤታቸው ጓሮ ቀፎዎች ነበሯት። አምና ከአጥሩ ባሻገር ያለው የበቆሎ ማሳ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ንቦቿ በሙሉ አለቁ። እንደ ተደፋ ኑግ መሬቱን አጥቁረውት አገኘቻቸው። ባለማሳውን «መቼ ነው የምትረጩት?» ብላ አስቀድማ ብትጠይቀው ኖሮ የቀፎዎቹን አፍ ዘግታ ታተርፋቸው ነበር። አፈረች። የሰው በር ማንኳኳት ከልጅነቷ ጀምሮ ይከብዳታል።

አባቷ አቶ ሚፍታህ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነው። «አንድ ጊዜ ሂጂና ሞክሪ» አሏት። «የራስሽ የሆነ መንጋ በሕይወቱ ይዘሽ ከመጣሽ ጓሮው ያንቺ ነው። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን ፍኖተ ሰላም ወርደሽ ከወንድምሽ ከማህዲ ጋር ሱቅ ትይዣለሽ። ከዚያ ወዲያ የንብ ነገር እንዳይነሳብኝ።»

እሺ ብላ ነው የወጣችው።

ግማሽ ቁልቁለት ሳይወርዱ ሰማዩ ጠቆረ። የጥቅምት ዝናብ ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደጅ አያንኳኳም። መጀመሪያ ነፋሱ ሣሩን አስተኛው፤ ቀጥሎ በረዶው እንደ ጠጠር ወረደ። ቀዩ አፈር ከእግራቸው ሥር እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሪሃና ወደቀች፤ ተነሳች፤ እንደገና ወድቃ በመቀመጫዋ ተንሸራተተች። እትዬ ካሰች በሸክሙ እንጨት አግደው ያዟትና እየጎተቱ ከአንድ ዋሻ አስገቧት።

ዋሻው ውስጥ ሰው ነበረ። ምሳሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የበሰበሰ ጋቢውን የሚጨምቅ ጎልማሳ።

«እትዬ ካሰች!» አለ ጥርሱን ፈልቅቆ። «እርስዎን እስካሁን ዝንጀሮዎቹ አላገቡዎትም?»

«ጥሎሹ አነሰኝ ብዬ መለስኳቸው። ስለ አንተ ግን ጠይቀውኛል፣ እጅጉ። ‹ጠረኑ የኛ ይመስለናል› ብለው።»

እጅጉ ዋሻው እስኪያስተጋባ ሳቀ። በዚያ ቆላ የታወቀ ማር ቆራጭ ነው። ንብ ያለበትን ግንድ በምሳር ፈልጦ፣ በእሳት ለብልቦ ማሩን ይወስዳል፤ ንቦቹ የት እንደሚወድቁ ዞሮ አያይም።

«ይህችስ ማን ናት?»

«የወይዘሮ ሳቢራ ልጅ፣ የቡሬዋ።»

«የቡሬ ልጅ ቆላ ምን አጣች?»

ሪሃና መሬት መሬት እያየች «ንብ ልወስድ ነው» አለች። ድምጿን ዝናቡ ሊውጠው ምንም አልቀረው።

«ማር ነው ያልሽው ንብ?»

«ንብ።»

«ማሩን ትቶ ተናዳፊውን!» ራሱን ነቀነቀ። «ደግሞ ምን ፈልገሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ አውጥቶ መናገሩ ነው የጨነቃት።

«ስማ፣ እጅጉ» አሉ እትዬ ካሰች። «ከሾላው ግንድ ላይ ሣር አስሬበታለሁ። ምሳርህ እንዳይሳሳት።»

እጅጉ ፈገግታውን ሰበሰበ። «ሣር የታሰረበትን አልነካም። የሰው ንብ ቆረጠ ተብዬ አልታማም። ግን መንጋው ተነስቶ ከበረረ ሌላ ነው። ዓይንዎ ሳይለቀው ከተከተሉት የእርስዎ ነው። ዓይን ከለቀቀው ግን ቀድሞ ሣር ያሰረበት ሰው ይወስደዋል። አባቶች ያሉት ነው።»

«ሕጉን አንተ አታስተምረኝም። ከአባትህ ጋር ነው የተማርኩት።»

ዋሻው ውስጥ አድረው፣ በማግስቱ ጠዋት አንድ ወንዝ ተሻግረው ሾላው ዘንድ ደረሱ። ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ከደረቀ ጅረት ዳር ብቻውን ቆሟል። ከቀርከሃ የተሠራው ቀፎ ከላይኛው ቅርንጫፍ በጠፍር ታስሮ ይታያል፤ ንቦቹም በአፉ እየተጋፉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ሪሃና ስታያቸው ድካሟ ጠፋ። ወደ ግንዱ ልትሮጥ ስትል እትዬ ካሰች ክንዳቸውን ዘርግተው ደረቷን ገቷት።

ከቀፎው ዝቅ ብሎ፣ ከወፍራሙ ቅርንጫፍ መንታ ላይ የድኩላ ሬሳ ተጋድሟል። ደሙ ገና አልረጋም።

«ባለቤቱ ሩቅ አልሄደም» አሉ በሹክሹክታ።

ከጅረቱ ማዶ ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ነብሩ ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወጣና ቆመ። የጅራቱ ጫፍ ብቻ ይወዛወዛል።

«ዓይኑን አትዪው። ጀርባሽንም አትስጪው» አሉ እትዬ ካሰች። «እንዳትሮጪ፣ ልጄ። ብትሮጪ ድኩላ ነሽ።»

ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ወደ ኋላ፣ ወደ አንድ ቋጥኝ ሸሹ። ነብሩ አጉረመረመ። ድምፁ ከመሬቱ የሚወጣ ይመስል እግራቸው ሥር ተሰማቸው። ከዚያ በአንድ ዝላይ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ወጣ። ሥጋው እንዳይቀማበት የሰጋ ይመስላል፤ ድኩላውን በአንገቱ ነክሶ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ጎተተው። የድኩላው ቀንድ ከቀፎው ጋር ተላተመ።

ንቦቹ እንደ ጭስ ፈነዱ። ነብሩ እንደ ድመት ጮኸ፤ አፍንጫውን በመዳፉ እየጠረገ ከነሥጋው ወደቀ፤ ተንከባለለ፤ ጅረቱን ተከትሎ ተፈተለከ። የተቆጣው መንጋ ቀጥሎ ሴቶቹን አገኘ።

«ተኚ! ፊትሽን ሸፍኚ!»

መሬት ላይ ተደፍተው የእትዬ ካሰችን ጋቢ ተከናነቡ። ሪሃና እጇን፣ አንገቷን፣ ቁርጭምጭሚቷን ሲነድፏት ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«ድንጋይ ነኝ በይ» አሏት እትዬ ካሰች። «ድንጋይ አይነደፍም።»

ንቦቹ እስኪረጋጉ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ቆላውን ማጋል ጀመረች። የእትዬ ካሰች አንድ ዓይን አብጦ ተደፍኗል፤ ዛፍ ሊወጡ አይችሉም። ሪሃና ያመጡትን ገመድ ወሰደች። እንዲህ ያለ ዛፍ ወጥታ አታውቅም። ግንዱን አቅፋ፣ ጉልበቷ እየተላጠ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ እየረገጠች ቀፎው ዘንድ ደረሰች። ከታች እትዬ ካሰች እበት አጭሰው ጭሱን ወደ ላይ ይልኩላታል። ጠፍሩን ፈታች፤ ቀፎውን በገመድ ቀስ አድርጋ አወረደችው።

እትዬ ካሰች ወዲያው የቀፎውን አፍ በጭቃና በእበት ለሰኑት። እናታቸውም አያታቸውም የሚያደርጉት እንዲያ ነው። ልዩነቱ እናታቸው የሚያጓጉዙት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በቀዝቃዛው መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ነብሩ ወደ ሥጋው ሳይመለስ መውጣት አለባቸው።

«እትዬ፣ ይታፈናሉ እኮ። በስስ ጨርቅ ብንዘጋው...» አለች ሪሃና።

«ምን አልሽ?»

«ምንም።»

እንጨቱን በትከሻቸው ተቀብለው፣ ቀፎውን መሐል አንጠልጥለው ዳገቱን ያዙ። ሙቀቱ ከድንጋዩ እየተነሳ ፊት ይገርፋል። ሪሃና ከኋላ ነበረች፤ ጆሮዋ ለቀፎው ቅርብ ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ ነበር። ቆይቶ ድምፁ ቀጠነ፣ ከፍ አለ፤ ሊገነፍል እንደደረሰ ድስት ተንተከተከ። የምታውቀው ድምፅ ነው። ሰሙ ሊቀልጥ፣ ንቦቹ ሊታፈኑ ነው። አፏን ከፍታ ዘጋች። ጓሮዋ ውስጥ የተዘሩት ጥቋቁር ንቦች ዓይኗ ላይ መጡ።

«እትዬ፣ እንቁም!» ብላ ጮኸች። የገዛ ድምጿ አስደነገጣት። «እየሞቱ ነው! አፉ መከፈት አለበት!»

እትዬ ካሰች ሳይቆሙ ጆሯቸውን ወደ ቀፎው ጣሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «እውነትሽን ነው። ምነው ቅድም አትናገሪም ነበር! እዚህ ሐሩር ላይ ከከፈትነው ይበሉናል። ወንዙን እንሻገርና ከጥላው ሥር እንከፍተዋለን። ፍጠኚ!»

ወንዙ ጠዋት ሲሻገሩት እስከ ጉልበት ነበር። አሁን ውኃው ደፍርሷል። የላይኛው አገር ዝናብ ገና እየደረሰ መሆኑን ሁለቱም አይተዋል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ገቡ። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ከላይ የድንጋይ መንከባለል የመሰለ ድምፅ መጣ። ሪሃና ቀና ስትል ቡናማው ውኃ ግንድ አዝሎ ከመታጠፊያው ወጣ።

«ያዢ!» አሉ እትዬ ካሰች።

ግንዱ እግራቸውን መታው። እንጨቱ ከትከሻቸው አመለጠ፤ ቀፎው ከቋጥኝ ጋር ተላትሞ እንደ ቅል ተሰነጠቀ። ሪሃና ስትንገዳገድ ሄዳ ከወዲያኛው ዳር ወደቀች። ቀፎው በውኃው ተወሰደ፤ መንጋው ግን ተነሳ። መጀመሪያ እንደ አዙሪት ዞረ፣ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ከወንዙ በላይ ደመና ሆኖ ወደ ገደሉ ዘነበለ።

«አውራዋ አብራቸው ናት!» የእትዬ ካሰች ድምፅ ነበር። «ተከተያቸው! ዓይንሽን እንዳትነቅይ!»

ሪሃና አንጋጣ ሮጠች። እሾህ ቀሚሷን ቀደደው፤ ድንጋይ አደናቀፋት፤ ዓይኗን አልነቀለችም። ከኋላዋ ግን ጩኸት ሰማች። የትእዛዝ ጩኸት አልነበረም። የሚሰምጥ ሰው ጩኸት ነው።

ዞረች። እትዬ ካሰች እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ሆነው አንድ ሥር ይዘዋል፤ ሥሩም እየተነቀለ ነው።

ሪሃና ተመልሳ ቁልቁል ሮጠች። ዳር የቀረውን የሸክም እንጨት አንስታ ዘረጋችላቸው፤ ተረከዟን ከድንጋይ ጋር አጣብቃ ጎተተች። እጇ ተላጠ። ጎተተች። እትዬ ካሰች በደረታቸው እየተሳቡ ወጡና ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ዞሯል።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሉ ውኃ እየተፉ። «አልሞትኩ! ሂጂ!»

ሪሃና ቀና አለች። ሰማዩ ባዶ ነበር።

መንጋው የእሷ መሆኑ አብቅቷል። የአባቷ ቃል፣ የፍኖተ ሰላሙ ሱቅ፣ ሁሉም በልቧ አለፈ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና አዳመጠች። ከገደሉ በላይ፣ ከሩቅ ወፍጮ እንደሚመጣ ያለ ቀጭን ድምፅ ነበረ።

ወደ ድምፁ ሮጠች። ዳገቱን በእጅም በእግርም ቧጠጠችው። ከእንግዲህ ባለቤት ለመሆን እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እግሯ ግን አልከበደም። የት እንደሚያርፉ ማየት ፈለገች፣ ይኸው ብቻ። ድምፁ ሲጠፋባት ትቆማለች፤ ሲመለስ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ዝንጀሮዎች ከመንገዷ ተበተኑ፤ እየሳቀች መሐላቸውን አቋርጣ አለፈች። ለምን እንደምትስቅ አልጠየቀችም።

መንጋው ያረፈው ከገደሉ ጠርዝ ከወጣ አንድ ዋርካ ላይ ነው። ከባዶ አየር በላይ ከተዘረጋ ቀጭን ቅርንጫፍ እንደ ጡት ተንጠልጥሏል። ከግንዱ ሥር ግን እጅጉ እያለከለከ ቆሟል። እሱም ሲበሩ አይቶ ከታች ተከትሏቸው ኖሯል። በእጁ የተነቀለ ሣር ይዟል።

ሪሃናን ሲያይ እጁ ቆመ።

«ከሾላው የተነሳው ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ንገሪኝ። ዓይንሽ ለቆታል አልለቀቀውም?»

ነፋሱ ቅርንጫፉን አወዛወዘው። አልለቀቀውም ብትል እጅጉ ሣሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ይህን ታውቃለች።

«ለቆታል» አለች። «እትዬ ካሰች ወንዝ ውስጥ ወድቀው ተመለስኩ።»

እጅጉ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ግንዱ ላይ አሰረና ምሳሩን አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቅርንጫፉን ልቆርጠዋ።»

«ከቆረጥከው ገደል ይገባሉ። ብታወርዳቸውስ በምን ትይዛቸዋለህ?»

እጅጉ ምሳሩን አየ፤ ገደሉን አየ። «ሕይወት ያለው መንጋ የሚገዛ አለ ብለውኝ ነው እንጂ...»

«እኔ ላውርድልህ።»

«በምን ዋጋ?»

«ላውርድልህ አልኩህ እኮ።»

ጆንያዋን በጥርሷ ነክሳ ቅርንጫፉ ላይ በሆዷ ተሳበች። ከሥሯ ንስር ይዞራል። ቅርንጫፉ ጎበጠ፤ ተንቋቋ። እጇን ዘርግታ መንጋው ውስጥ ቀስ አድርጋ አስገባችው። አልነደፏትም። መጠለያ የሌለው መንጋ የሚጠብቀው ነገር የለውም፣ ቁጣም የለውም። ለስላሳ ነበሩ፣ ጣቶቿ መሐል እንደ ጤፍ ይፈስሳሉ። ሪሃና ድምፅ አውጥታ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል እዚያ ላይ!» እጅጉ ጮኸ። «ልትወድቂ ነው!»

«ይሞቃሉ!» አለችው።

የጆንያውን አፍ ከሥራቸው ይዛ ቅርንጫፉን አንዴ በኃይል ነቀነቀችው። መንጋው እንደ እርጥብ ሊጥ ዱብ አለ። ወደ ኋላ ተስባ ወረደችና ጆንያውን ለእጅጉ ሰጠችው። እሱ ክንዱን አርቆ፣ እንደ እባብ ያዘው።

«ጥላ ሥር አስቀምጣቸው። ዛሬውኑ ቀፎ ይፈልጋሉ» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረች። «እትዬ ካሰች እግራቸው ተሰብሯል። መሄድ አለብኝ።»

«አንቺ! ቆይ እስቲ!» ከኋላዋ ደረሰባት። ጆንያው በእጁ ላይ ይጮሃል። «ያየሽ ሰው አልነበረም። ብትዋሺኝ የት አውቄ?»

«ለቆት ነበራ» አለች።

እጅጉ አገጩን አከከ። «የላም ርቢ ታውቂያለሽ? ላሚቱ የኔ፣ መኖውና ድካሙ ያንቺ፤ ጥጃውን መካፈል። የላም ካለ የንብ ርቢ ለምን አይኖርም? መንጋው የኔ ነው። አንቺ ያዢው። ማሩ እኩል፤ ከሱ የሚወጣው መንጋ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለኔ።» ጆንያውን እያየ ጨመረ፤ «እኔ ንብ ስቆርጥ ኖርኩ እንጂ ሰው ሲያስቁ አላየሁም።»

«የራስሽ የሆነ» ነበር ያሉት አባቷ። ይህ የራሷ አይደለም። አስባ ሳትጨርስ እጇ ጆንያውን ተቀብሎት ነበር።

እጅጉ እትዬ ካሰችን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ እሳቸው በጀርባው ላይ ሆነው አልተዉትም። «እስቲ ረጋ በል። እንዲህ የምትንጠኝ እኔ ወተት ነኝ?» ይሉታል። የርቢውን ነገር ሲሰሙ ግን «ማር ቆራጩን ባለንብ አደረግሽው» አሉና ሽንዲ ሲደርሱ ከቤታቸው ጓዳ አዲስ ቀፎ አወጡላት።

ሪሃና በርበሬ በማዳበሪያ ጆንያ ከተጫነበት አይሱዙ ላይ ቀፎውን አቅፋ ቡሬ የገባችው በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ወይዘሮ ሳቢራ ያበጠ ፊቷን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አቶ ሚፍታህ ግን ቀጥታ ወደ ቀፎው መጥተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አሉ?»

«አሉ፣ አባዬ።»

«ያንቺ ናቸው?»

«አይደሉም። እጅጉ የሚባል የሽንዲ ሰው ንቦች ናቸው። በርቢ ነው የያዝኳቸው።»

«ለሰው ንብ አሽከር ሆነሽ መጣሽ?»

«አዎ» አለችና ሳቀች፤ የተሰነጠቀ ከንፈሯ ደማ። «ቃላችንን አልረሳሁም። ፍኖተ ሰላም እሄዳለሁ፤ ሱቁንም እይዛለሁ። ንቦቹ ግን አብረውኝ ይሄዳሉ። ከሱቁ ጀርባ ቦታ ከሌለ የጎረቤት በር አንኳኩቼ እለምናለሁ። መድኃኒት የሚረጨውን ሰው ሁሉ ቤቱ ሄጄ ቀኑን እጠይቃለሁ። እኔ የራሴ ንብ እንዲኖረኝ የምፈልግ ይመስለኝ ነበር፣ አባዬ። የምፈልገው ሥራውን ነው። የማንም ይሁኑ።»

አቶ ሚፍታህ ልጃቸው ባንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር ሰምተው አያውቁም። በርበሬ ያቀላው መዳፋቸውን በጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። ሚስታቸውን አዩ፤ እንደገና የልጃቸውን ፊት አዩ።

«አፉ ወዴት ነው የሚዞረው?» አሉ በመጨረሻ።

«ወደ ፀሐይ መውጫ።»

«እንግዲያ ያዢ በዚህ በኩል። ሳይጨልም ጓሮ እናድርሰው።»

አባትና ልጅ ቀፎውን ተሸክመው ገቡና ከጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፉት። ሪሃና ስሱን ጨርቅ ፈታች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት ንብ ወጣች፤ ከቀፎው ከንፈር ላይ ቆመች፤ ወገቧን ቀና አድርጋ ክንፏን ማራገብ ጀመረች። ሌሎቹን ቤታችን እዚህ ነው ብላ መጥራቷ ነው። አቶ ሚፍታህ ትንፋሻቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።